ስለ ምጽዋ ስናወራ ከተማዋን ለምን እንረሳታለን?

ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በጥቅምት 2016 ዓ.ም. ስለ ቀይ ባሕር በቴሌቪዥን ከተናገሩ ወዲህ የወደብ ወሬ ከቤታችን አልወጣም። ታክሲ ውስጥ ወደብ ነው። ቡና ላይ ወደብ ነው። ዋሽንግተን ያለውም ቴል አቪቭ ያለውም ስልኩን ሲከፍት የሚጠብቀው ካርታ ነው። አንዱ "ታሪካዊ መብት" ይላል። ሌላው "ሉዓላዊነት" ብሎ ይመልሳል። የሁለቱም ጣት አሰብና ምጽዋ ላይ ነው። በዚህ ሁሉ ጩኸት መሃል ግን ስለ ከተሞቹ ራሳቸው የሚያወራ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ማን ኖረባቸው? ምን ነገዱ? ለምን ፈረሱ? ይህን የሚጠይቅ የለም።

ዛሬ ምጽዋን ላንሳ። አሰብ ሌላ ታሪክ ስለሆነች ለሌላ ቀን ትቆይ። የምጽዋን ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተከታተለ ሰው አንድ ነገር ማየቱ አይቀርም። ይህች ከተማ የምትነሳውም የምትወድቀውም ከፊቷ ባለው ባሕር አይደለም፣ ከጀርባዋ ባለው ደጋ ነው። ባንዲራዋ ብዙ ጊዜ ተቀያይሯል። ዕጣዋን የወሰነው ግን ወደ ደጋው የሚወስደው መንገድ መከፈትና መዘጋት ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ምጽዋ ውስጥ የሰሜናዊ ቀይ ባሕር ክልል ሙዚየም አለ። ትልቅ አይደለም። የባሕር እንስሳት፣ የአካባቢው ሕዝቦች የቤት ዕቃና ልብስ፣ የጥንት ቁፋሮ ግኝቶች፣ የጣሊያን ዘመን ትዝታዎች፣ ከዚያም የትጥቅ ትግሉ ታሪክ አንድ ላይ ይገኙበታል። የእኔን ቀልብ የሚስበው ከመሣሪያው ይልቅ ሸክላው ነው።

በ1995 ከምጽዋ ብዙም በማትርቅ ብላክ አሳርካ በምትባል ትንሽ ደሴት አጠገብ ጠላቂዎች የሰመጠ መርከብ ጭነት አገኙ። ከሁለት ዓመት በኋላ የባሕር ውስጥ ቁፋሮ ባለሙያዎች ሄደው መረመሩት። መርከቡ ራሱ በስብሶ አልቋል። የተረፈው የሸክላ እንስራ ነው፤ ቁመቱ ረዘም፣ ታቹ ሾል ያለ። የተሠራው በዛሬዋ ዮርዳኖስ፣ አቃባ ውስጥ ነው። የአቃባ የጥንት ስም አይላ ነበር። ዘመኑ ደግሞ ከ1,500 ዓመት ገደማ በፊት፣ አክሱም በገነነችበት ወቅት ነው። ባለሙያዎቹ ይህን የእንስራ ዓይነት "አይላ-አክሱም" ይሉታል፤ ስባሪው አቃባም አክሱምም ስለሚገኝ። መርከቡ የባሕሩን ጉዞ ሊጨርስ ምንም አልቀረውም ነበር። ለጭነቱ ግን ከዚያ በኋላ ተራራ የሚወጣበት የብዙ ቀን መንገድ ነበረበት።

ያ መንገድ የሚጀምረው አዱሊስ ላይ ነው። አዱሊስ ከምጽዋ በስተደቡብ፣ ዙላ አጠገብ ያለች የፈረሰች ጥንታዊ ወደብ ናት። በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን የነበረ አንድ የግሪክ ቋንቋ የነጋዴዎች መመሪያ፣ ከአዱሊስ እስከ ደጋዋ ከተማ ቆሎኤ የ3 ቀን፣ ከዚያ እስከ አክሱም የ5 ቀን መንገድ እንደሆነ ጽፏል። የዝሆን ጥርሱ የሚመጣው ከዚያ ወዲያ ካለው አገር ነው ይላል። ልብ በሉ፤ ጸሐፊው የባሕር ነጋዴ ነው። ወደቧን ሲገልጽ ግን ስለ ደጋው መንገድ መናገር አለበት። ያለ ደጋው አዱሊስ የምትሸጠው ነገር የላትም።

ገንዘቡ ስንት እንደነበር ለመገመት አንድ ቤተ ክርስቲያን ይበቃል። አዱሊስ ላይ በቁፋሮ ከተገኙት አብያተ ክርስቲያናት አንዱ የእብነ በረድ ጌጥ ነበረው። እብነ በረዱ ቁስጥንጥንያ አጠገብ ካለ ደሴት ተጠርቦ፣ ተቀርጾ፣ በመርከብ ተጭኖ የመጣ ነው። በ1868 ዐፄ ቴዎድሮስን ለመውጋት ዙላ ላይ የወረደው የእንግሊዝ ጦር እግረ መንገዱን ቆፍሮ ከዚህ እብነ በረድ ስባሪዎችን ወሰደ። ዛሬም ለንደን፣ ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ ናቸው። የመቅደላ ዘረፋ ሲነሳ ሁላችንም እንቆጣለን፤ ደግ አደረግን። በዚያው ዘመቻ ከአዱሊስ የተወሰደውን ግን ማንም አያነሳውም።

አዱሊስ ከሰባተኛው ክፍለ ዘመን በኋላ ጠፋች። ቦታዋን ቀስ በቀስ የወሰዱት የዳህላክ ደሴቶችና ምጽዋ ናቸው። የምጽዋ ችግር ደግሞ ውሃ ነበር።

የድሮዋ ከተማ ደሴት ናት። አጠገቧ ጠዋለት የምትባል ሌላ ደሴት አለች። ከሁለቱም በአንዷ እንኳ የሚጠጣ ምንጭ የለም። በሐሩር ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። እናም ለብዙ መቶ ዓመታት የምጽዋ ሰው የሚጠጣው ማዶ ካሉት መንደሮች፣ ከሕርጊጎና ከእምኩሉ በሰው ጉልበትና በጀልባ የሚመጣ ውሃ ነበር። ይህን ዝርዝር የማነሳው ለጌጥ አይደለም። ውሃውን የያዘ ከተማዋን ይይዛል። ኦቶማኖች በ1557 ደሴቷን ያዙ፤ ነገር ግን ማዶውን ማስተዳደር አልሆነላቸውም። ስለዚህ ሥልጣኑን ሕርጊጎ ላይ ለተቀመጠ የአገሬው የበለው ቤተሰብ ሰጡት። የዚህ ቤት አለቃ "ናይብ" ይባላል። ናይቡ በአንድ እጁ ከቱርክ ሹመትና ደመወዝ ይቀበላል፤ በሌላው ወደ ደጋው የሚወጣውን የቅፍለት መንገድና ውሃውን ይዟል። ነጋዴ ይሁን መልእክተኛ ወይም ጳጳስ ናይቡን ሳያስደስት አያልፍም። በ1769 ምጽዋ የወረደው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ እንኳ በናይቡ እጅ ብዙ ተጉላልቶ ነው ያለፈው። የዛሬ የጉምሩክ አስተላላፊ ደንበኞች ሰውየውን ሳያውቁት ይረዱታል።

ጳጳስ ያልኩት ያለ ነገር አይደለም። ለኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ጳጳስ የሚላከው ከእስክንድርያ ነበር። ከዋነኞቹ መግቢያዎች አንዱ ምጽዋ ነው። በ1841 የመጡት አቡነ ሰላማም በዚያው በኩል ነው የገቡት። የጎንደር ነገሥታት ምጽዋን አላስተዳደሩም። ግን ያለ ምጽዋ ቄስና ዲያቆን የሚሾምላቸው አያገኙም። ዐፄ ፋሲለደስ ኢየሱሳውያኑን፣ የካቶሊክ ሚስዮናውያኑን፣ ካባረሩ በኋላ ሌሎች እንዳይከተሉ የፈለጉ ጊዜ ከምጽዋና በዛሬዋ ሱዳን ካለችው ወደብ ከሱዋኪን የቱርክ ፓሻዎች ጋር ተስማሙ። በሩ የሌላ ሰው ነው፤ ግን በስምምነት አዘጉት። ዛሬ በየመድረኩ "ወይ የራሳችን ወይ ምንም" ሲባል ስሰማ ይህ ትዝ ይለኛል።

እርግጥ ስምምነት ሁልጊዜ አይሠራም። የምጽዋ ታሪክ ይህንንም በደንብ ያሳያል። በ1860ዎቹ አጋማሽ ኦቶማኖች ከተማዋን ለግብጽ አስረከቡ። ግብጾች ቨርነር ሙንሲንገር የሚባል ስዊዘርላንዳዊ ሾሙባት። ሰውየው ሥራ ያውቃል። ሁለቱን ደሴቶች እርስ በርስና ከየብስ ጋር የሚያገናኘው በባሕር ላይ የተደለደለ መንገድ የእሱ ዘመን ሥራ ነው። ከእምኩሉ ውሃ በቦይ የመጣውም ያኔ ነው። ሆኖም ካይሮ ወደቡ ብቻ አልበቃትም፤ ደጋውንም ፈለገችው። ውጤቱ ጉንደትና ጉራዕ ሆነ። በ1875 እና በ1876 የግብጽ ጦር በዐፄ ዮሐንስ ጦር ተደመሰሰ። ሙንሲንገር ራሱም በ1875 በሌላ አቅጣጫ ሲዘምት አውሳ ላይ ተገደለ።

ከዚያ በሰኔ 1884 የአድዋ ውል መጣ። በእንግሊዙ መልእክተኛ ስም የሂዌት ውል ይባላል። ዐፄ ዮሐንስ በግብጽ አገዛዝ ላይ ባመፁት የሱዳን መሕዲስቶች የተከበቡትን የግብጽ ወታደሮች እንዲያወጡ ተጠየቁ። በምላሹ ምን አገኙ? ምጽዋን አይደለም። ያገኙት በምጽዋ በኩል ማንኛውም ዕቃ፣ መሣሪያና ጥይት ጭምር፣ ያለ ቀረጥ የማስተላለፍ መብት ነው። ዛሬ በየጉባኤው የምንለምነው ነገር ማለት ነው፤ በወረቀት ላይ ከዚህ የተሻለ ውል ማሰብ ይከብዳል። ራስ አሉላም የበኩላቸውን ፈጸሙ። ውሉ ከተፈረመ ስምንት ወር ገደማ ሲሆነው፣ በየካቲት 5 ቀን 1885፣ ጣሊያን በእንግሊዝ ይሁንታ ምጽዋ ወረደ። ውሉ የወረቀት ጌጥ ሆኖ ቀረ። በኢትዮጵያ በኩል ያለው "ውል አያስተማምንም" የሚል ጥርጣሬ ከየት እንደመጣ የማይገባው ሰው ይህን ያንብብ። ከምንም ተነስቶ የመጣ አይደለም።

ጣሊያን ወደ ደጋው መጠጋት ሲጀምር ራስ አሉላ በጥር 1887 ዶጋሊ ላይ 500 የሚያህል ጦር ደመሰሱ። ሮም ዋናው ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ያለው አደባባይ እስከ ዛሬ በእነዚያ 500 ሰዎች ስም ይጠራል። በየቀኑ እዚያ አውቶቡስ የሚጠብቁ ሐበሾች ብዙ ናቸው፤ ስንቶቹ ይህን እንደሚያውቁ እንጃ።

ከዶጋሊ ይልቅ ደጋውን የጎዳው ግን በዚያው ዓመት በዚያው ወደብ የገባ ሌላ ነገር ነው። ለጣሊያን ጦር ቀለብ ከሕንድ እንደመጡ ከሚነገርላቸው ከብቶች ጋር የከብት ወረርሽኝ ምጽዋ ላይ ወረደ። በሽታው ተራራውን ወጣ። ከትግራይ እስከ ሸዋና ከዚያም ወዲያ በሬ ጨረሰ። የሚያርስ በሬ የለም፤ ዝናብም ጠፋ፤ አንበጣም መጣ። አያቶቻችን "ክፉ ቀን" የሚሉት ከ1888 እስከ 1892 የቆየው ረሃብ እንዲህ ጀመረ። ምጽዋን አንድም ቀን ያላያት የሸዋ ገበሬ በምጽዋ በኩል በመጣ በሽታ ልጁን ቀበረ። በወደብ በኩል ሸቀጥ ብቻ አይገባም።

የጣሊያን ዘመን ለከተማዋ ሁለት ፊት ነበረው። መጀመሪያ የቅኝ ግዛቱ ዋና ከተማ አደረጓት። ብዙም ሳይቆይ ሙቀቱ በረታባቸውና መቀመጫቸውን ወደ አስመራ ወሰዱ። በ1921 ደግሞ የመሬት መንቀጥቀጥ ከተማዋን አፈራረሳት። ዛሬ በፎቶ የምናያቸው ብዙ ሕንጻዎች፣ ወደቡ ዳር ያለውን የጣሊያን ባንክ ጨምሮ፣ ከዚያ በኋላ የተሠሩ ናቸው። ዋናው ሥራ ግን መንገዱ ነው። ከምጽዋ የተነሳው የባቡር ሐዲድ ዋሻ እየበሳ፣ ድልድይ እየዘረጋ በ1911 አስመራ ገባ። በ1930ዎቹ ኢትዮጵያን ለመውረር ሲዘጋጁ ይህም አልበቃ አለ። ከምጽዋ አስመራ 70 ኪሎ ሜትር የሚያልፍ የአየር ላይ ገመድ፣ ቴሌፌሪካ፣ ዘረጉ። በጊዜው በዓለም ረጅሙ ነበር። ዕቃው በቅርጫት ተንጠልጥሎ ተራራ ይወጣል። ዓላማው ወረራ ነው፤ ምሕንድስናው ግን የሚደነቅ ነው። እንግሊዞች በ1941 ጣሊያንን ካስወጡ በኋላ ነቅለው ሸጡት።

ከ1952ቱ ፌዴሬሽን በኋላ ያለውን የአዲስ አበባ ሰው ከቤተሰቡ ሰምቷል። የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ዋና ሰፈር ምጽዋ ነበር። ጃንሆይ ጠዋለት ላይ በነበራቸው ቤተ መንግሥት ሆነው የባሕር ኃይል በዓል ያከብራሉ። የውጭ አገር የጦር መርከቦች ይጋበዛሉ። ነጭ የለበሱት መኮንኖች በየቤቱ አልበም ውስጥ አሉ። ለብዙ ኢትዮጵያውያን ምጽዋ ማለት ይህ ፎቶ ነው። ለብዙ ኤርትራውያን ደግሞ ያው ዘመን በ1962 ፌዴሬሽኑ የፈረሰበትና የ30 ዓመት ጦርነት የተጀመረበት ዘመን ነው። ሁለቱ ትዝታዎች አንድ ባሕር ዳር ላይ ተቀምጠው አይተያዩም።

በየካቲት 1990 ሻዕቢያ "ፈንቅል" ባለው ዘመቻ በየብስም በባሕርም አጥቅቶ ምጽዋን በሦስት ቀን ያዘ። የመጨረሻው ከባድ ውጊያ ጠዋለት ላይ ነበር። ከተማዋ ከተያዘች በኋላ የደርግ አውሮፕላኖች ለወራት ደበደቧት። የሞቱት የኢትዮጵያ ወታደሮችም፣ ታጋዮቹም፣ ሲቪሎቹም ብዙ ናቸው። አስመራ ውስጥ የቀረው የደርግ ጦር ስንቁ በአውሮፕላን ብቻ ሆነ። በግንቦት 1991 ሁሉም አበቃ። ዛሬ ጠዋለት ላይ ሦስት ታንኮች ለመታሰቢያ ቆመዋል። የቤተ መንግሥቱ ጉልላት እንደተበሳ ነው።

እዚህ ላይ የሙዚየሙን ጉዳይ ልመለስበት። የመንግሥት ሙዚየም በየትም አገር የድል ታሪክ ይወዳል፤ የምጽዋውም የተለየ አይደለም። የእኛዎቹም ያው ናቸው። የከተማዋ ዋና ቅርስ ግን መስታወት ውስጥ የሚገባ አይደለም። ቤቶቹ ናቸው። የድሮዋ ደሴት የተሠራችው ከባሕር በተቆረጠ የኮራል ድንጋይ ነው። ግድግዳው በኖራ ይለሰናል። ፎቁ ላይ ነፋስ የሚያስገባ፣ ሴቶቹ ሳይታዩ ወደ ውጭ የሚያዩበት የተፈለፈለ የእንጨት መስኮት አለው። ጅዳና ሱዋኪን ላይ ያሉት ቤቶች የእነዚህ እህቶች ናቸው። የሠሯቸው ነጋዴዎች ከሐድራማውት፣ ከግብጽ፣ ከሕንድም የመጡ፣ ከአገሬው ጋር የተጋቡና የተዋለዱ ናቸው። የዳህላክ ሉል፣ የደጋው ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ቆዳ፣ ቡና በእጃቸው አልፏል። ባሪያም ጭምር። ይህን ዘለን የቤቶቹን ውበት ብቻ ማውራት አይቻልም፤ ከደጋውና ከምዕራቡ ተፈንግለው ወደ ዓረብ አገር የተሻገሩ ሰዎች በዚህች ደሴት አልፈዋል።

የኮራል ቤት አመለኛ ነው። የባሕሩ ጨው ከሥር እየወጣ ልስኑን ይበላዋል። ባለቤቱ በየጊዜው ኖራ ካልቀባው ውሃ ይገባል፤ እንጨቱ ይበሰብሳል፤ ፎቁ ይወርዳል። ሱዋኪን የፈረሰችው በቦምብ አይደለም። እንግሊዞች ፖርት ሱዳንን ሠርተው ንግዱን ሲያዛውሩባት ኖራ የሚቀባ ጠፋ፤ ቤቶቹ በራሳቸው ጊዜ ወደቁ። ምጽዋ ደግሞ ሁለቱንም ቀመሰች። መጀመሪያ ቦምቡን፤ ቀጥሎ የሥራ መጥፋትን።

ሥራው የጠፋው ከ1998 በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ የኢትዮጵያ ዕቃ በኤርትራ ወደቦች ይገባ ነበር፤ አብዛኛው በአሰብ፣ ለሰሜኑ ክፍል ደግሞ በምጽዋ። የድንበሩ ጦርነት ሲጀመር ሁሉም ወደ ጅቡቲ ዞረ። ዛሬ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የኢትዮጵያ የውጭ ንግድ በጅቡቲ በኩል ነው። ጅቡቲ አዳዲስ ተርሚናሎች ሠራች፤ ባቡር ገባላት። በአንጻሩ ኤርትራ በጦርነቱ ዘመን ተነቅሎ የነበረውን የምጽዋ አስመራ ሐዲድ እንደገና ዘርግታዋለች፤ የሚያስደንቅ ሥራ ነው። ሐዲዱ ላይ ግን የሚሄደው በአብዛኛው ለቱሪስት የሚነሳ አሮጌ የእንፋሎት ባቡር ነው። ሐዲድ አለ፤ ጭነት የለም። መቀሌ ያለው ነጋዴ ደግሞ በጣም የሚቀርበውን ወደብ ትቶ በአፋር በረሃ ዞሮ ያስመጣል። ሁለቱም ወገን የሚከፍለው ኪሳራ ይህ ነው።

በ2018 ክረምት ሰላም ወረደ ሲባል ትንሽ ጭላንጭል ታየ። በመስከረም መጀመሪያ "መቀሌ" የተባለችው የኢትዮጵያ መርከብ ምጽዋ ቆመች፤ ከ20 ዓመት በኋላ የመጀመሪያዋ። 11,000 ቶን የኤርትራ ዚንክ ጭና ወደ ቻይና ልትሄድ ነው የመጣችው። በዚያው ሰሞን በአዲስ ዓመት ዕለት የዛላምበሳ ድንበር ተከፈተ። ሕዝቡ እያለቀሰ ተቃቀፈ። መኪናው ጤፍና ሲሚንቶ ጭኖ መጉረፍ ጀመረ። ግን ቀረጡ ስንት ነው? ገንዘቡ በምን ይመነዘራል? ማን ነው ፈቃድ የሚሰጠው? ይህ ሁሉ በጽሑፍ ለሕዝብ አልወጣም። ወራት ሳይቆይ ድንበሩ ተራ በተራ ተዘጋ። ያኔ ያስፈልግ የነበረው ሰነፍ የሚመስል የቢሮ ሥራ ነው፤ የታሪፍ ሠንጠረዥ፣ የኢንሹራንስ ውል፣ የዳኝነት ቦታ። መሪዎች ሪባን መቁረጥ ይቀላቸዋል። የሂዌት ውል የከሸፈው ዋስትና የሚሆን አስገዳጅ ስላልነበረው ነው፤ የ2018ቱ ደግሞ ዝርዝሩ እንኳ አልታወቀም።

አሁን ያለው ድባብ ከዚያ የባሰ ነው። በሁለቱም በኩል የጦርነት ቋንቋ ይሰማል። ምጽዋ በኃይል ስትያዝ ምን እንደምትሆን ግን የሚገመት ነገር የለውም፤ ጠዋለት ላይ ያለው ጉልላት ይታያል። በኃይል የተያዘች ምጽዋ ሐዲዷም፣ ክሬኗም፣ ቤቷም የለም። ዝግ ሆና የምትቆይ ምጽዋም ቀስ ብላ ሱዋኪንን ትከተላለች።

እኔን ብትጠይቁኝ ከሁሉ በፊት ቢጀመር የምወደው በጣም ትንሽ ነገር ነው። አክሱም ያለው የእንስራ ስባሪና ከብላክ አሳርካ የወጣው ሙሉ እንስራ በአንድ አዳራሽ፣ በአንድ መግለጫ፣ መጀመሪያ ምጽዋ ከዚያ አክሱም ቢታዩ። ወታደር አያስፈልገውም። የሁለት ሙዚየም ኃላፊዎች ደብዳቤና አንድ የጭነት መኪና ይበቃዋል። ይህም ቢሆን ዛሬ ከባድ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የአስመራ በረራውን በመስከረም 2024 አቁሟል፤ የየብሱ መንገድም አስተማማኝ አይደለም። አዲስ አበባ ያለ አንድ የሙዚየም ባለሙያ የምጽዋ አቻውን ለማግኘት መጀመሪያ በሦስተኛ አገር በኩል ትኬት መቁረጥ አለበት።